ቪትዟን ሸጠን የኤሌክትሪክ መኪና እንግዛ ወይስ እንጠብቅ? (ቤታችን ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው)

የሰሚቷ፣ ኅዳር 3 ቀን 2018
ሰላም ቤተሰብ። እስከ ዛሬ የናንተን ሳነብ ነው የኖርኩት፤ ዛሬ የራሴን ይዤ መጣሁ።

ቪትዝ አለችን። አሮጌ ብትሆንም አንድም ቀን መንገድ ላይ አላስቀረችንም። ባለቤቴ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ፣ እኔን ሲኤምሲ ጥሎ፣ ሜክሲኮ ቢሮው ደርሶ ሲመለስ በቀን 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በወር አንዴ አዳማ እናቴ ጋ እንወርዳለን። ኑሯችን ይኸው ነው። ባለፈው ታኅሣሥ መጨረሻ ቤንዚን 101 ብር ከ47 ሳንቲም የገባ ቀን ባለቤቴ ከማደያ ሰልፍ ላይ ደውሎ "ይቺን ነገር እንሽጣት" አለኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ወሬ የለንም።

ችግሩ አንደኛ እሱ አይዲ 4 (የቮልስዋገኗ ኤሌክትሪክ) ካልሆነ ይላል፤ ከባንክም ከእቁብም ተበድረን ማለት ነው። እኔ ደግሞ ሲገል (ትንሿ የቢዋይዲ ኤሌክትሪክ) ትበቃናለች ባይ ነኝ፤ ቪትዟ ስትሸጥ 1.1 ሚሊዮን ብር ጨምረንባት ያለ ዕዳ እንገዛታለን። ሁለተኛ ባለፈው ሳምንት ለዚያችው ሲገል፣ ለዚያው ዓመተ ምህረት፣ ሶስት ሻጭ ሶስት ዋጋ ነገረኝ። በትልቁና በትንሹ መካከል 300 ሺህ ብር አለ። አንዱ "ዛሬ ካልወሰድሽ ነገ ይጨምራል" አለኝ፣ ሌላው "ትንሽ ብትቆዪ ይወርዳል" አለኝ። ማንን ልመን?

ሰማያዊ ሲገል፣ ኅዳር 3
ግዙ! አንድ ዓመት ከአራት ወር ነዳሁ፣ አልጸጸትም። ሥራ ላይ ስለሆንኩ ዝርዝሩን ማታ እጽፋለሁ።

ቤንዚን አይጥፋ፣ ኅዳር 3
ሁሉም "ግዙ" ከማለቱ በፊት አንድ ሰው እስክሪብቶ ያንሳ።

እህቴ፣ የምትነዱት በወር ከነአዳማው 1,400 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ቪትዝ ለመቶ ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ብትጠጣ 98 ሊትር፤ ሊትሩን ለሂሳብ እንዲቀል በድሮው ዋጋ በመቶ ብር ብንይዘው 9,800 ብር። ኤሌክትሪኩ ነፃ ነው እንበል፣ በዓመት የምታተርፉት 118 ሺህ ነው። ጭማሪሽ 1.1 ሚሊዮን። ማካካሻው ከዘጠኝ ዓመት በላይ! ዘጠኝ ዓመት የሞላት ሲገል እዚህ ሀገር ማን እንደሚገዛ እስካሁን ማንም አላየም። ቪትዝ ግን ከጥር 2016 ወዲህ፣ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ፣ ቁጭ ብላ ዋጋ ትጨምራለች። እኔ ብሆን ሞተሯን አሳድሼ እነዳታለሁ።

የሰሚቷ፣ ኅዳር 3
@ቤንዚን አይጥፋ፣ ሂሳብህን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። "ሰልፉንስ በስንት ብር መታው?" አለ። እውነቱን ነው፤ ባለፈው ወር ሁለት ቀን ሥራ አርፍዷል። ግን ዘጠኝ ዓመት መባሉን እኔም አላሰብኩትም ነበር።

ሰማያዊ ሲገል፣ ኅዳር 3
መጣሁ። ስለ አዳማ ልንገርሽ፤ ሻጮች የማይነግሩሽ እሱን ነው።

የኔ ሲገል ትልቁ ባትሪ ያላት ነች፣ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት። ወረቀቷ ላይ 405 ኪሎ ሜትር ይላል። ያ የቻይናው መለኪያ ነው፣ እርሺው። እኛ ጋ 300 ከሰጠችሽ ተመስገን ነው። ትንሹ ባትሪ (30.08) ወረቀቱ ላይ 305 ነው የሚለው፤ ከሱም ሩቡን ቀንሺ።

አራት ሰው ሆነን ከቃሊቲ በፍጥነት መንገዱ ወረድን፣ ከ90 አላለፍኩም። ከቤት በ100 ፐርሰንት ወጥቼ አዳማ በ73 ገባሁ። ደስ አለኝ፣ "27 ፐርሰንት ብቻ!" ብዬ ለሁሉም ደወልኩ። ማታ ሳልሞላ ተመለስኩ፣ ቤቴ በ32 ገባሁ። መውረጃው 27፣ መውጫው 41 በላ። አዳማ ከአዲስ አበባ ወደ 700 ሜትር ዝቅ ያለች ስለሆነች ያንን ሁሉ ከፍታ አራት ሰው ተሸክማ ትወጣዋለች፤ ስትወርድ በፍሬን ወደ ባትሪው የሰበሰበችው ቢኖርም የወጣውን ያህል አይመልስም። ስለዚህ የባትሪሽን ግማሽ ሳታይ ከአዳማ አትነሺ። በትንሹ ባትሪ ይሄው ደርሶ መልስ አዲስ አበባ የሚያገባሽ ከ15 ፐርሰንት በታች ሆነሽ ነው፣ ልብሽ እየመታ። እናትሽ ግቢ ውስጥ ሶኬት ካለ ግን ሌላ ወሬ ነው፤ ምሳ እስክትበሉ ድረስ የምትሞላው ትንሽ ትንሽ ይረዳል።

ለአይዲ 4 ያለኝ አስተያየት፦ ምቹ መኪና ነች፣ ለባልሽ ንገሪው። ትልቁ ባትሪዋ ግን 84.8 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በተራ ግድግዳ ሶኬት ከባዶ ለመሙላት ከአርባ ሰዓት በላይ ይፈጃል። በቀን 45 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ያን ሁሉ ክብደት ይዞ መዞር ምን ይሠራል?

ኮድ 3፣ ኅዳር 4
እኔ ሲገል በአፕ ታክሲ ነው የምሠራባት። በቀን 200 ኪሎ ሜትር ይሞላል፣ አንዳንዴ ይበልጣል። የ@ቤንዚን አይጥፋ ሂሳብ ለናንተ ልክ ነው፤ ለኔ ግን በወር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ነገሩ ይገለበጣል። የቤንዚን ቢሆን በወር 36 ሺህ ብር ማደያ እጥል ነበር። የኔ መኪና ዋጋዋን የምትመልሰው ከናንተው በአንድ ሶስተኛ ጊዜ ነው።

ለማንኛውም ከመግዛትሽ በፊት የማይነግሩሽን ልጨምር።

ስኮርት ጎማ የላትም። ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽና ትንሽ መንፊያ ነው የሚሰጡሽ። ኮብልስቶን ላይ የጎማው ጎን ሲቀደድ ፈሳሹ ምንም አይሠራም፤ እኔ አያት ጨፌ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ነው የተማርኩት። አሁን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ስኮርት ይዤ ነው የምዞረው።

ሆዷ ዝቅ ያለ ነው። ባትሪው ከወለሉ ስር ነው ያለው፤ ፍጥነት መቀነሻ ላይ አራት ሰው ጭነሽ በፍጥነት አትለፊ። ስትገዢ ጎሚስታ ጋ ወስደሽ አስነሺና ከስር እዪ። የተፋቀ ወይ የተገጨ ነገር ካለ ዋጋ አትደራደሪበት፣ ጥለሽው ውጪ።

የፍሬን ሸራ እስካሁን አልቀየርኩም፣ 61 ሺህ ነድቻለሁ። የፊት አሞርዛተር ግን ቀይሬያለሁ። ፓራውልቷ ተሰብሮ ከቻይና እስኪመጣ ሰባት ሳምንት በክር አስሬ ነው የሠራሁት፤ ተሳፋሪ ፎቶ እያነሳ ይሄዳል።

ሽቦ ጠምዛዥ፣ ኅዳር 4
ኤሌክትሪሻን ነኝ። ሁላችሁም ስለ መኪናው አወራችሁ፣ አንድም ሰው ግን አልጠየቃትም። እህት የሰሚቷ፣ ሶኬቱ የት ነው?

አራተኛ ፎቅ ነው የምትኖሪው። መኪናሽ ታች ነው የምታድረው። ሌሊት ከየት ልትሞያት ነው?

የሰሚቷ፣ ኅዳር 4
ባለቤቴ ከበረንዳ ኤክስቴንሽን ማውረድ ይቻላል ይላል...

ሽቦ ጠምዛዥ፣ ኅዳር 4
እባክሽ አይውረድ።

ባለፈው ክረምት አንድ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ፣ ሶስተኛ ፎቅ። ከሳሎን ሶኬት በኤክስቴንሽን ወደ ታች አውርደው መኪና ይሞላሉ። የሶኬቱ ፊት እንደ ቅቤ ቀልጦ ፍሬውን ይዞ ቀርቷል፣ ከኋላ ግድግዳው ጠቁሯል። ሽቦው የተጠቀለለበትን እንክብል ስነካው እጄን አቃጠለኝ። ስልክ፣ ቲቪ፣ ካውያ አይደለም ይሄ፤ 10 አምፔር ለስምንት ሰዓት ሳያቋርጥ የሚስብ ነገር ነው። ካውያ እንኳን ይበርዳል ይሞቃል፣ መኪና አይበርድም።

የምትፈልጊው ይሄ ነው። ከቆጣሪሽ ተነስቶ ለመኪናዋ ብቻ የሚሄድ መስመር፣ የራሱ ብሬከር፣ የሰው ሕይወት የሚያድን ሊኬጅ ብሬከር (መብራት ሲያፈስ ወዲያው የሚያጠፋ)፣ ጥሩ ግራውንድ። አብሯት ለሚመጣው የ10 አምፔር ቻርጀር 4 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት) ሽቦ ይበቃል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ባለ 7 ኪሎዋት ካሰብሽ ግን 32 አምፔር ነውና ቢያንስ 6 ካሬ፣ መንገዱ ከ40 ሜትር በላይ ከሆነ 10 ካሬ። ብዙ ኮንዶሚኒየም ላይ ቆጣሪዎቹ ምድር ላይ ደረጃው ስር ባለ ሳጥን ውስጥ ናቸው። የናንተም እዚያ ከሆነ ዕድለኛ ነሽ፤ አራት ፎቅ መውጣት መውረድ የለም፣ ከሳጥኑ በቀጥታ ወደ ማቆሚያሽ ነው።

ለቀን 45 ኪሎ ሜትርሽ ደግሞ 7 ኪሎዋቱ ምንም አያስፈልግሽም። 6 ኪሎዋት ሰዓት ብትበላ ነው፤ በተራው ቻርጀር ሶስት ሰዓት። መብራት ቢጠፋ እንኳ ሌሊቱ ረጅም ነው። ግድቡ ጳጉሜ ላይ ተመርቋል፣ የኛ ብሎክ ትራንስፎርመር ግን ያው የድሮው ነው፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ ሁሉም ምድጃ ሲለኩስ ቮልቴጁ ይወርድና ቻርጀሩ ራሱን ያጠፋል። ከ5 ሰዓት በኋላ እንዲጀምር አድርጊው።

ሂሳቡንም ልሙላልሽ። በወር ለመኪናዋ ከነብክነቱ 210 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ከመስከረም 2017 በፊት ትልቁ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ 2.48 ብር ነበር፣ በዚያ ቢሰላ 520 ብር። ከዚያ ወዲህ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ነው፣ ጭማሪው በአራት ዓመት ተከፋፍሎ ነው የወጣው። እጥፍ ቢሆን እንኳ ከቤንዚኑ አጠገብ አይደርስም። ግን የመኪናው ፍጆታ የቤትሽን የታሪፍ እርከን ከፍ እንደሚያደርገው አስቢበት።

ቤንዚን አይጥፋ፣ ኅዳር 4
ይሄንን መልስ ወደ ላይ ስቀሉት።

ሁለተኛ አልታለልም፣ ኅዳር 6
"መቼ" ላላችሁት እኔ ጠባሳ አለኝ።

ሐምሌ 2016 መጀመሪያ ላይ ለአንድ ሻጭ ቀብድ ከፈልኩ። መኪናዋ "ጂቡቲ ደርሳለች፣ በሶስት ሳምንት ሞጆ ትገባለች" ተባልኩ። ሐምሌ 22 ብር ተንሳፈፈ። ዶላሩ 57 ብር አካባቢ የነበረው ነሐሴ ሳያልቅ ከመቶ ዘለለ። ነሐሴ ውስጥ ተደወለልኝ፤ "እንደምታውቀው ሁኔታው ተቀይሯል፣ ወይ ልዩነቱን ክፈል ወይ ገንዘብህን ውሰድ"። መኪናዋ ግን በድሮው ዶላር የተገዛች ነበረች! ገንዘቤን ወሰድኩ፤ ያኔ ያው ገንዘብ የመኪናዋን ግማሽ እንኳ አይገዛም ነበር።

ምክሬ፦ ያላያችሁትን መኪና አትክፈሉበት። ግቢ ውስጥ ቆማ፣ ቻሲ ቁጥሯን ከዴክላራሲዮኑ (ከጉምሩክ ወረቀቷ) ጋር አመሳክራችሁ፣ በዚያው ቀን ክፈሉ።

አንቀጽ በአንቀጽ፣ ኅዳር 6
ወንድሜ ያጣኸው ነገር አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 በግልጽ ያስቀምጠዋል፦ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ቢተው እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። በውሉ ሌላ ነገር ካልተስማማችሁ በቀር ይሄ ነው። ሻጭህ የሰጠኸውን ብቻ መለሰልህ።

ግን አንድ ወጥመድ አለ። ወረቀቱ ላይ "ቀብድ" ነው ወይስ "ቅድሚያ ክፍያ" የሚለው? ሁለቱ አንድ አይደሉም። ብዙ ሻጭ ሆን ብሎ "ቅድሚያ ክፍያ" ይጽፋል። የምትፈርሙት ላይ ቀብድ ይባል፣ ዋጋው በብር ይቁረጥ፣ የርክክብ ቀን ይኑረው፣ "እንደ ገበያው ሁኔታ" የምትል ሐረግ ካለች ትሰረዝ። ስለ ባትሪ ዋስትናም ያው ነው። ቻይና ውስጥ ለቻይና ገዢ የተሰጠ ዋስትና አብሮ ተጭኖ አይመጣም፤ ሻጩ በአፉ "ስምንት ዓመት" ቢልሽ በፊርማው ካላስቀመጠው የለም በይው።

ሁለተኛ አልታለልም፣ ኅዳር 6
እጥፍ?! ዛሬ እንቅልፍ የለኝም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኅዳር 7
እኛ ጋ "መቼ" የሚለውን የወሰነልን የአሜሪካ መንግሥት ነው። የ7,500 ዶላሩ የፌዴራል የታክስ ቅናሽ መስከረም 20 ሊያበቃ ሲል እኔም ከሁሉም ሰው ጋር ተሽቀዳድሜ በመጨረሻው ሳምንት ገዛሁ፤ ቀለም እንኳ አልመረጥኩም። አሁን የድሮዋን ቴስላዬን አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ልላክለት ብዬ ነበር። ሀሳብ አላችሁ?

ሽቦ ጠምዛዥ፣ ኅዳር 7
የአሜሪካ ቴስላ ሶኬት ሌላ፣ እዚህ በብዛት የገባው የቻይናው ሶኬት ሌላ ነው። ቤት ውስጥ ቀስ ብሎ መሙላት ይቻላል፤ ፈጣን ቻርጅ ጋ ስትሄድ ግን እየለመንክ አስማሚ ፍለጋ ነው። ብሩን ላክለት፣ እዚሁ ይግዛ።

ጠብቂ ባይ፣ ኅዳር 9
ሁሉም ዛሬ ዛሬ ይላል። እስቲ ቻይናን እዩ። ሲገል በ2023 እ.ኤ.አ. ስትወጣ መነሻዋ 73,800 ዩዋን ነበር፣ በ2024 ወደ 69,800 ወረደች፣ በ2025 ግንቦት አካባቢ በቅናሽ 55,800 ገባች። ባትሪ በየዓመቱ እየረከሰ ነው። አንድ ዓመት የጠበቀ ሰው ያተርፋል።

ሁለተኛ አልታለልም፣ ኅዳር 9
በዩዋን ታተርፋለህ። ደሞዝህ በዩዋን ነው?

ጠብቂ ባይ፣ ኅዳር 9
አይ፣ ልክ ነህ። እዚያ ሲወርድ እዚህ ብሩ ቀድሞት ይወርዳል። ግን ሻጮቹ የሚይዙት ትርፍም አለ፤ አሁን ግቢው ሁሉ በቆሙ መኪኖች ሞልቷል፣ ተደራደሩ ለማለት ነው። ሶስት ሻጭ 300 ሺህ ከተለያዩ ዋጋው ሳይሆን ድርድሩ ነው የሚወስነው።

ኮድ 3፣ ኅዳር 9
ስለቆሙ መኪኖች ካነሳህ፦ "ዜሮ ኪሎ ሜትር" ማለት አዲስ ማለት አይደለም። ግቢ ውስጥ ዓመት ከስድስት ወር ፀሐይ የመታት ዜሮ አይቻለሁ። የተመረተችበትን ወር በሩ ስር ያለው ሰሌዳ ላይ እዪ። ጎማው ላይም አራት ቁጥር አለ፤ 2324 ካለ በ2024 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ትንሿን የ12 ቮልት ባትሪ አስፈትሺ፤ እሷ ከሞተች ትልቁ ሙሉ ሆኖ በሩ እንኳ አይከፈትም። ከዚያ ሻጩ ዓይን ስር ቻርጅ አድርጊ፣ በቀስታውም በፈጣኑም። ፈጣን ከሌላቸው ኢትዮ ቴሌኮም ቦሌ የከፈተው አለ፣ በቴሌብር ከፍለሽ ሃያ ደቂቃ ሞክሪው። ገመዱና ቻርጀሩ ከመኪናው ጋር መኖሩንም ቁጠሪ፤ እሱንም ለብቻ የሚሸጡ አሉ።

የሰሚቷ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2018
ቤተሰብ፣ የጠፋሁት ዝም ብዬ አይደለም።

@ሽቦ ጠምዛዥ ሶኬቱ የት ነው ባለኝ ማታ የእጅ ባትሪ ይዤ ወርጄ የቆጣሪውን ሳጥን ከፈትኩት። እውነትም ታች ነው፣ ከማቆሚያችን 18 ሜትር፤ በእርምጃ ሳይሆን በልጄ የስፌት ሜትር ለክቼ። ከዚያ የብሎኩ ኮሚቴ ጋ ሄድን። አንድ ጋሼ "የጋራ መብራታችንን ሊበሉብን ነው" ብለው ተነሱ። ከራሳችን ቆጣሪ እንደሚነሳ ሁለት ስብሰባ ፈጀብን። በመጨረሻ የፈቀዱልን ሽቦው በቱቦ ተቀብሮ እንዲሄድና ሌላ ሰው ወደፊት ሲገዛ በዚያው ቱቦ እንዲያሳልፍ ነው። ጋሼ ራሳቸው ቱቦው ሰፋ ያለ ይሁን አሉ። ለካ ልጃቸው ሊገዛ ነው!

መስመሩ ባለፈው ቅዳሜ ተዘረጋ፣ 6 ካሬ። መኪናዋ ግን ገና የለችም። ባለቤቴ አይዲ 4ን ትቷል፤ አርባ ሰዓት የሚለውን ካነበበ በኋላ ዝም አለ። የ@ቤንዚን አይጥፋን ሂሳብ ደግሞ እኔ አልተውኩትም። ቪትዟን አሁን አንሸጥም። የተስማማነው እሱ ከየካቲት ጀምሮ ሁለተኛ ሥራ ሲጀምር በቀን ወደ 90 ኪሎ ሜትር ስለሚደርስ ያኔ፣ ትልቁን ባትሪ፣ በቀብድ ሳይሆን ግቢ ውስጥ ቆማ አይተናት ነው። እስከዚያ ሻጮቹ ይደውላሉ። ትናንት ከሶስቱ አንዱ በራሱ ጊዜ 120 ሺህ ቀነሰ።

ቤንዚን አይጥፋ፣ ታኅሣሥ 14
በ90 ኪሎ ሜትር ሂሳቡ ይቀየራል። በዚያን ጊዜ እኔም ግዙ እላለሁ፣ ስሜን ግን አልቀይርም።

ሽቦ ጠምዛዥ፣ ታኅሣሥ 14
6 ካሬ ለ18 ሜትር በደንብ ይበቃል። ግራውንዱን በሜትር አስለኪው፤ ዘንጉን ቀብረው "ጨርሰናል" የሚሉ አሉ።

ኮድ 3፣ ታኅሣሥ 15
ሶኬቱን ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ አድርጉት። የኛ ብሎክ ላይ ክፍት ትቼው አንድ ቀን ጠዋት ስወርድ የጥበቃው ምድጃ ተሰክቶበት ሽሮ ይፈላል።